ስምንት ድምፅ የሚይዝ መስመር

ፊቤ የባሏን ስልክ ከካልሲ ጋር አጠበችው። በስህተት እንዳይመስላችሁ። ባልዲ ውስጥ ኦሞ በጥብጣ፣ ስልኩን ዘፍዝፋ፣ መብራቱ ድርግም ብሎ እስኪጠፋ ድረስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። በዚያው ሐሙስ ጠዋት የቤቱን የኢንተርኔት ገመድ ከግድግዳው ነቅላ፣ ጠቅልላ፣ የሽሮ ጣሳ ውስጥ ከትታዋለች። ለባሏ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ቀርቶ መታጠቡን፣ ኢንተርኔቱም መበላሸቱን ነገረችው። ባሏ አጵሎስ እዚህ ከአገር ርቀን በምንኖርበት፣ ሳንድተን ላለ አንድ ትልቅ ድርጅት ኔትወርክ የሚዘረጋ ኢንጂነር ነው። የሌላ አገር ማሽን ከወንበሩ ሳይነሳ የሚጠግን ሰው፣ የራስህ ቤት ኢንተርኔት ተበላሸ ሲሉት “እሺ” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ገመዱ የት ገባ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ይህን ስትነግረኝ ሳቅሁ። የተማረ ሰው ሚስቱን እንዲህ ሲያምን ደስ ይላል አልኳት። ነገሩ ሌላ መሆኑ የገባኝ ቅዳሜ ነው።

ስልኩ የታጠበው እናቱ ስለሞቱ ነው። ወይዘሮ ኤርጎጌ ረቡዕ ጠዋት ሆሳዕና ላይ አረፉ። ትንፋሽ አጠራቸው፣ ኦክስጅን ተፈለገ፣ ኦክስጅኑ እስኪመጣ አልጠበቁም። የአጵሎስ እህት ለፊቤ ደወለች፣ ፊቤ ለመጋቢ ዱካሞ ደወለች፣ መጋቢው ለእኛ። በእኛ ዘንድ ለልጅ የእናቱ ሞት በስልክ አይነገርም፤ በፌስቡክ መስማትማ ነውር ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ሰው ይከበዋል፣ ከዚያ መርዶው ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ምንም እንዳይሰማ መጠበቅ የሁላችንም ሥራ ነው። ወጣቶቹን ግን ይህን ማን ያስተምራቸው፣ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ የእህቱ ልጅ የአያቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ ነበር። እኔ ሀቢሶ እባላለሁ፤ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለኝ፣ ዳቦና ስኳር እሸጣለሁ። ከአጵሎስ ቤተሰብ ጋር በአንድ አጥር ነው ያደግነው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አብሬው እንድውል የተመደብኩትም ለዚህ ነው። ሽማግሌዎቹ “አንተ ብዙ ስለምታወራ ሌላ ነገር እንዲያስብ ፋታ አትሰጠውም” አሉኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

መርዶው የሚነገርበትን፣ መስመር የምንለውን ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሎክዳውን አምልኮ ሲዘጋ ሌላው ሕዝብ በዙም ተሰበሰበ። የእኛ ሰው ግን ባለሱቅ ነው። ዳታ ውድ ነው፤ ደግሞስ በፍርግርጉ በኩል “ማይ ፍሬንድ፣ ሁለት ዳቦ” እየተባለ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ የሚችል ማን ነው? ተራ ስልክ ድምፁን ከፍቶ የስኳር ጆንያው ላይ ማስቀመጥ ግን ማንም ይችላል። አጵሎስ ይህን አይቶ ነው ሜይፌር ባለው አዳራሻችን ጓዳ ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ያስነሳው። ኮምፒውተሩን ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የጀርመን ማኅበር በእርዳታ ሰጥቶናል። ዊንዶውስ አያውቅም፣ በሊኑክስ ነው የሚሠራው፤ ሆዱ ውስጥም አይኤስዲኤን የሚሉትን የድሮ ዲጂታል የስልክ መስመር የሚቀበሉ አራት ካርዶች አሉ። አዳራሹ ቀድሞ የጉዞ ወኪል ቢሮ ስለነበር መስመሮቹ ግድግዳው ውስጥ ተዘርግተው ቆይተውናል። አንዱ መስመር ሁለት ድምፅ ይይዛል፤ አራቱ ስምንት። ስምንት ስልክ ይደውላል፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይሰማማል፣ ይጸልያል፣ ይዘምራል፣ መዝሙሩ እንኳ አንዱ ካንዱ ወደኋላ ይጎተታል። ስምንት ለእኛ አይበቃም። ስለዚህ በየሰፈሩ አንድ ስልክ ይደውልና ሌላው ማስኩን አድርጎ፣ ርቀቱን ጠብቆ፣ ያንን ስልክ ከብቦ ይቆማል።

አጵሎስ ይህን ለማስነሳት ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። ያኔም አብሬው ነበርኩ፤ መንቀሳቀሻ ፈቃድ የነበረን እኔ በሱቄ፣ እሱ በኢንጂነርነቱ ነው። ካርዶቹ ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ ግን ስንደውል ጭጭ። ኋላ ላይ እንዳስረዳኝ የየአገሩ የስልክ ጣቢያ የራሱ የአነጋገር ሥርዓት አለው፤ ፕሮቶኮል ይሉታል። ማን አስቀድሞ ይናገራል፣ ማን ቁጥሩን ይሰጣል፣ ማን ይዘጋል፣ ሁሉም በሥርዓት ነው። የእኛ ማሽን የሚናገረው በድሮው የጀርመን አገር ሥርዓት ነው፤ የዚህ አገር ጣቢያ ደግሞ በዚያ ሲያናግሩት መልስ አይሰጥም። መፍትሔው አንድ ፋይል ውስጥ ያለችን “1” የምትል ቁጥር “2” ማድረግ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሳምንት የፈጀው ያቺን ቁጥር ፍለጋ ነው። ያገኛት ቀን እንደ ልጅ ዘለለ፤ ትከሻዬን መትቶ “ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኔ ካልነካኋት ማንም አይነካትም” አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያች መስመር ስንቱን አለቀስን። የሽማግሌውን የሽጉጤን ወንድም፣ ቶኮዛ ሰፈር የሞተችውን ነፍሰ ጡር፣ መጋቢው ራሳቸው አባታቸውን። መሰብሰብ ሲከለከል ለቅሷችን ሁሉ እዚያ ውስጥ ገባ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሽማግሌዎች የአጵሎስን መርዶ የመከርነውም በዚሁ መስመር ነው። ሌላ የት እንመካከር? መርዶ በአገራችን ንጋት ላይ ነው የሚነገረው፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር እንዲያለቅስ። እዚህ ግን የሰዓት እላፊው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አያንቀሳቅስም። ከቴምቢሳ ተነስቶ የአጵሎስ ቤት ያለበት ሜይፌር እስኪደረስ ፀሐይ ወጥቶ፣ ጎረቤት ነቅቶ፣ አንዱ ፖሊስ ይጠራል። መጋቢው በምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ይሁን፣ ሁሉም ከሦስት ሰዓት በፊት ቤቱ ይገባል አሉ። የቶኮዛው ሽጉጤ ተቆጣ። “መርዶ በምሽት? ሰውየው ሌሊቱን ከጨለማ ጋር ይታገል?” አለ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ለሐሙስ ምሽት ተቆረጠ። ቀጥሎ ስምንቱን ድምፅ ማከፋፈል መጣ፤ አንዱ ለአጵሎስ ቤት፣ አንዱ ሆሳዕና ላሉት አባቱ ለአቶ ለማ፣ ስድስቱ ለሰፈሮቹ። ሽጉጤ ለቶኮዛ ሁለት ካልተሰጠን ብሎ ሌላ ግማሽ ሰዓት አከራከረን። እኛ ሰዎች ለቅሶ ላይ እንኳ ድርሻ እንቆጥራለን።

ሐሙስ ጠዋት መስመሩ ሞተ። ስንደውል ያው የድሮው ጭጭ። መጋቢ ዱካሞ በፊቤ በኩል ላኩበት፤ ለእሑድ ጸሎት ስለሚያስፈልገን አጵሎስ መጥቶ ይጠግንልን አሉ። አጵሎስ ሐሙስ አሞኛል አለ፣ ዓርብ ደክሞኛል አለ፣ በመጨረሻ ቅዳሜ አለ፤ መርዶውም ለቅዳሜ ምሽት ተዛወረ። መስመሩን ትተን ዝም ብለን እንንገረው ያሉም ነበሩ። ክልከላው ስላለ ቤቱ መግባት የሚችለው አራት አምስት ሰው ነው። የሁላችንን ለቅሶ በሠራው መስመር አልቅሰን የእሱን እናት በአራት ሰው? መጋቢው አይሆንም አሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን የጨነቀኝ ለአቶ ለማ ነው። ሽማግሌው ሚስታቸውን ቀብረው፣ ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ በደረቅ ዓይን እያስተናገዱ ነው አሉ። “ልጄ ሳይሰማ እኔ አላለቅስም፣ የበኩር ልጇ ነው” ብለው ድርቅ አሉ። በየማታው ይደውሉልኛል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ “ነገራችሁት?” ብቻ። አልነገርነውም ስላቸው ይዘጋሉ።

ቅዳሜ ሱቁን አብሮኝ ለሚሠራው ለአቢሶ ትቼ በጠዋት ወረድኩ። ሜይፌር እንደ ድሮው ባይሆንም ከእኛ ሰፈር የተሻለ ሕይወት ነበረው፤ የሶማሌዎቹ ሱቅ ግማሽ በሩን ከፍቷል፣ አብዱረዛቅ ደጁ ላይ አቮካዶ ደርድሮ በአፍንጫው ሥር በወረደ ማስክ ሰው ይጣራል። ሦስት አቮካዶ በአሥር ራንድ ነበር፣ በአሥራ አምስት አደረገው፤ ቫይረሱ ነው አለኝ። አቮካዶ በኮሮና ይያዛል ወይ ብለው ሳቀ እንጂ አልቀነሰም። የአጵሎስ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው። ፊቤ በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ሽንኩርት ከትፌ ነው አለችኝ፣ ጮክ ብላ፣ ሳሎን ድረስ እንዲሰማ። ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድም ሽንኩርት አልነበረም። አጵሎስ ጢሙን ሳይላጭ፣ ሸሚዙን ግን ተኩሶ ለብሶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሻይ ጠጣን። ስለ መብራት ፈረቃው አወራን፣ ስለ ክትባቱ አወራን፣ ክትባቱ ለባለሱቅ መቼ ይደርሳል ብዬ ቀለድኩ። የቀለድኩት እኔ፣ የሳቅሁት እኔ። ፊቤ የሽሮ ጣሳው ፊት ለፊት እንደ ዘብ ቆማለች።

ስለ እናቱ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን ውሸት ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቱ ይደውላል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ወይዘሮ ኤርጎጌ ምስል ያለው ስልክ አይወዱም ነበር። “ፊትህን እኔ ነኝ የወለድኩት፣ አውቀዋለሁ፤ ድምፅህ ይበቃኛል” ይሉት ነበር። ስልኩንም ከጆሯቸው አርቀው እየያዙ ስለሚጮኹ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉን እሰማለሁ። እና ዛሬ ስልክህን አውሰኝ፣ ለእናቴ ልደውል ቢለኝ ካርዴ አልቋል ልለው፣ ኤርታይም ልግዛ ቢለኝ የሆሳዕና ኔትወርክ ጠፍቷል ልለው ተዘጋጅቻለሁ። አልጠየቀኝም። መኪና ውስጥ ገብተን አዳራሹ እስክንደርስ አንድም ጊዜ የእናቱን ስም አላነሳም። እኔም ደስ አለኝ። ጌታ አፉን ዘጋልኝ ብዬ በልቤ አመሰገንኩ።

የአዳራሹ ጓዳ ጠባብ ነው፤ የተደራረቡ ፕላስቲክ ወንበሮች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ፣ ከወንበሮቹ ኋላ ማሽኑ። ሽታው የቆየ ምንጣፍ ነው። አጵሎስ መብራቱን አበራ፣ ስክሪኑ ተነሳ፣ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ዘረገፈ። ሥራ ይጀምራል ብዬ ወንበር አወረድኩ። እሱ ግን ጨርቅ ፈልጎ የማሽኑን ጀርባ ይጠርግ ጀመር። ጠረገው፣ ነፋው፣ ክዳኑን ከፍቶ የካርዶቹን ብሎን አጠበቀ፣ መልሶ አላላ፣ መልሶ አጠበቀ። ከበሮውን አንስቶ ሌላ ቦታ አኖረ። ሰዓቱ ሄደ። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ከታች ማግዊንያ የሚሉትን ቦምቦሊኖ ገዝቼ መጣሁ፣ ግማሹን በላ። “ምን ሆነ፣ አልተገኘም?” ስለው “ይገኛል” ይለኛል። የኪቦርዱን ቁልፎች ግን አንድም ጊዜ አልነካም። ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስት ሰፈር ስልክ ይዞ ይቆማል፤ ዛሬም ካልተሳካ ለአቶ ለማ ምን እላለሁ? እንደ ምንም አፌን ልይዘው ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም።

“አባትህ ትናንት ደውለውልኝ ነበር” አልኩት። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

አጵሎስ ብሎን መፍቻውን ያዘ እንጂ ቀና አላለም። “ምን አሉ?”

“ደህና ናቸው። ድምፃቸው ትንሽ ደክሟል። ልጄን አገናኘኝ ይላሉ። የልጄን ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም አሉ።”

ብሎን መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ክዳኑን ገጠመ። ወንበሩን ሳበ፣ ተቀመጠ፣ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አደረገ። ያደረገውን ያየሁት በእነዚህ ዓይኖቼ ነው፤ አንድ ፋይል ከፈተ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ “1” ላይ ቆመ፣ አጠፋት፣ “2” ጻፈ። ዘጋው። ማሽኑ አንዴ ጠፍቶ በራ፣ የካርዶቹ አረንጓዴ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ። ሻይ እንኳ የሚፈላበት ጊዜ አልፈጀም። አልፈለገም፣ አልጠረጠረም፣ ሌላ ፋይል አልከፈተም። ባለፈው ዓመት ሁለት ሳምንት ያለፋችውን ቁጥር፣ ሰው የራሱን ኪስ እንደሚያውቅ አወቃት። “እኔ ካልነካኋት ማንም አይነካትም” ያለኝ ያኔ ትዝ አለኝ። መስመሩን የገደለው ራሱ ነው።

ግን ለምን ብዬ ሳስብ እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ “ጋሼ፣ ውጭ ወጥተህ ደውል፣ ድምፁን ልስማው” አለኝ። ወጥቼ ደወልኩ፣ ተሰማ። ተመልሼ ስገባ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶታል። አጠያየቄ እንደ ዋዛ ነበር።

“ሁልጊዜ እንዲህ ታዳምጣለህ?” አልኩት።

“ስብሰባ ሲኖር ከቤት ሆኜ በኢንተርኔት እገባለሁ” አለ። “ትንሽ አዳምጥና ድምፁ ካልተቆራረጠ እወጣለሁ። ካልሰማሁት መበላሸቱን በምን አውቃለሁ?”

ረቡዕስ ልለው ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ረቡዕ አመሻሽ፣ ፊቤ ገመዱን ሳትነቅል ስልኩንም ሳታጥብ፣ እኛ የተከበርን ሽማግሌዎች መርዶውን እሱ በሚጠብቀው መስመር ላይ ቁጭ ብለን መክረናል። የእናቱን ስም ጠርተናል። መቼ እንንገረው፣ ማን ይናገር፣ ሽጉጤ ሁለት ድምፅ ይሰጠኝ፣ ሁሉን። እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ድምፁ ይቆራረጥ እንደሆነ ያዳምጣል። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እየሰማን አድገን፣ ጆሮ ያለውን ግድግዳ ፈልገን ሄደን ተደግፈን አወራን። ከዚያ ልጁ ሌሊቱን ከቤቱ በኢንተርኔት ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ቁጥሯን ወደ “1” መለሳት። መስመሩ ከሌለ መርዶ የለም፣ መርዶ ከሌለ እናቱ ገና አልሞቱበትም። የልጅ ሥራ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲያ ልል ነበር፤ ግን እናቱን ያጣ ሰው ስንት ዓመቱ ነው? አልቅስ አልቅስ አለኝ። ጥግ ያለውን ከበሮ የማስተካክል መስዬ ዞርኩ።

“ማታ ሜይፌር መብራት የሚጠፋው ስንት ሰዓት ነው?” አለኝ ከኋላዬ።

“ሁለት ሰዓት” አልኩት። እሑድ ጠዋት ላለ ጸሎት የቅዳሜ ማታ መብራት ምን ያደርጋል? እሱም አላለም፣ እኔም አላልኩም።

“የመኪናህን ባትሪ አውጣና እዚህ እናገናኘው” አለ። “ሌላም ነገር አለ። ስምንተኛውን ድምፅ ለውጭ አገር ጥሪ ከፍቼዋለሁ። ወደ ሆሳዕና መደወል የፈለገ ሰው ካለ፣ ከዚህ ይወጣል። ለመጋቢው ንገራቸው።”

“እነግራቸዋለሁ” አልኩት።

ባትሪውን ፈትቼ አመጣሁ፣ አብረን አገናኘነው፣ እጃችን በቅባት ጠቆረ። ለቀባሪው አረዱት የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። ወደ ቤቱ በእግራችን ስንመለስ ለመጋቢ ዱካሞ ደውዬ ልጁ ያውቃል ልበላቸው ብዬ አሰብኩ። ምን ይጠቅማል? ያፍራሉ፣ ይተዉታል፣ አንዱ በስልክ “እንግዲህ ሰምተሃልና ጌታ ያጽናህ” ይለዋል። ማወቅና መረዳት ለየቅል ናቸው። ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ማልቀስ አይፈቀድለትም፤ ብቻውን ይዞት ይዞራል፣ ሚስቱ ፊት እንኳ የውሸት ይተኛል። ልጁ ይህን ነው ከረቡዕ ማታ ጀምሮ የተሸከመው፣ እኛም እሱን የምንጠብቀው መስሎን ነበር። ዝም አልኩ። ብዙ የሚያወራው ሀቢሶ ከአዳራሹ እስከ ቤቱ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። እሱም ለምን ዝም አልክ አላለኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል አንድ አንድ እየሆኑ ገቡ። መጋቢ ዱካሞ፣ ሚስታቸው፣ ሁለት ሽማግሌ። ማስክ እንዳደረጉ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ተቀመጡ። ፊቤ ሻይ አላቀረበችም፣ ማንም አልጠየቀም። አጵሎስ ጢሙን አልተላጨም እንጂ ፊቱን ታጥቧል። ሶፋውን ትቶ ከግድግዳው ሥር ያለች ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም እዚያ ተቀመጥ አላለውም። የመጋቢው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ተከፍቶ ነው። ሰፈሮቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ከቶኮዛ የሽጉጤ ሳል፣ ከአንዱ ሱቅ የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ፣ ከሌላው “ማይ ፍሬንድ” የሚል ደንበኛ ድምፅና “ተዘግቷል፣ ተዘግቷል” የሚል መልስ። መጨረሻ ላይ ከሩቅ አንድ ትንፋሽ ገባ፣ አልተናገረም። የማን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። አጵሎስ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ፤ ድምፁ ይቆራረጥ እንደሆነ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

መጋቢ ዱካሞ ተነሱ። ማስካቸውን አወረዱ።

“አጵሎስ፣ ልጄ” አሉ። “እናትህን ወይዘሮ ኤርጎጌን ጌታ ወስዷቸዋል።”

አጵሎስ መጋቢውን ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ አይደለም፣ ከባድ ጆንያ አውርድልኝ ያለ ሰው ፊት ነው። ከዚያ ከበርጩማው ወደ ወለሉ ወረደና ጮኸ። ፊቤ ጮኸች። ስልኩ ጮኸ፤ ቶኮዛ፣ ቴምቢሳ፣ ሁሉም፣ አንዱ ካንዱ ወደኋላ እየተጎተተ፣ ያቺ ትንሽ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ትንቀጠቀጣለች። ጎረቤት ይስማ ፖሊስ ይምጣ ያለው የለም። እኔም አለቀስኩ፣ ከወይዘሮ ኤርጎጌ ይልቅ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አልናገርም። መጋቢው እጃቸውን አንስተው ልቅሶውን ዝቅ እስኪያደርጉ ብዙ ቆየ። ከየሰፈሩ ድምፅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። ያ የሩቁ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። አቶ ለማ በሀዲይኛ ተናገሩ።

“አጵሎሴ፣ ነገሩህ?”

አጵሎስ በጉልበቱ እየሄደ ጠረጴዛው ጋ ደረሰና ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

“አሁን ነገሩኝ፣ አባባ” አለ።

ያኔ ሽማግሌው ማልቀስ ጀመሩ።